ውሻችሁን ከማስመከናችሁ በፊት፦ የአዲስ አበባው አገልግሎት ሲመዘን

በአዲስ አበባ «ሴት ውሻ እናመክናለን» የሚለው አንድ ማስታወቂያ ሦስት የማይመሳሰሉ አገልግሎቶችን ይሸፍናል። አንደኛው ሐኪሙ ቦርሳውን ይዞ ግቢ ድረስ መጥቶ፣ በረንዳ ላይ ወይም ሰርቪስ ቤት ውስጥ የሚሠራው ነው። ሁለተኛው የግል የእንስሳት ክሊኒክ ነው። ሦስተኛው ከከተማዋ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ የማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። ሦስቱም ጋ ሆዷ ይከፈታል፣ ማህፀኗ ይወጣል፣ ይሰፋል። ልዩነቱ ሆዷ ከመከፈቱ በፊትና ከተሰፋ በኋላ ባለው ሥራ ላይ ነው። ብዙዎቹ አደጋዎች የሚደርሱትም በዚያ ሰዓት ነው፤ ምላጩ እጅ ላይ እያለ ሁሉም ሰው ነቅቶ ያያታል፣ ከተሰፋች በኋላ ግን ሁሉም እጁን ሊታጠብ ይሄዳል።

ፍርዱን አስቀድሞ ለመናገር ያህል፦ በር ሲከፈት ሾልካ መውጣት ለምትችል የግቢ ውሻ ማስመከን ገንዘቡን ይመልሳል። ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ማሠራት ግን በነፃም ቢሆን አይመከርም። ትልቅ ዝርያ ከሆነች ደግሞ ጥያቄው መቼ የሚለው ነው።

ለየትኛዋ ውሻ?

ለማስመከን ከሚቀርቡት ምክንያቶች ሁሉ ጠንካራው ቡችላ አይደለም፤ የማህፀን መግል ነው። ሴት ውሻ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር ዕድሜ ላይ የመጀመሪያ ደሟን ታያለች፣ ከዚያም በየ6 ወይም 7 ወሩ ይመላለስባታል። ደሙ ካቆመ በኋላ አረገዘችም አላረገዘችም ሰውነቷ ለሁለት ወር ያህል ልክ እንዳረገዘች ሆርሞን ያመነጫል። ማህፀኗ ይወፍራል፣ አፉ ይዘጋል፣ ባክቴሪያ የመከላከል አቅሙ ይቀንሳል። ይህ ዑደት ዓመት ከዓመት ሲደጋገም አንድ ቀን የገባው ባክቴሪያ እዚያው ይቀራል። ደም ካየች ከ4 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ውሃ አብዝታ መጠጣት የጀመረች፣ ምግብ የተወች፣ የምታስታውክ ያልመከነች ውሻ ካለች «ጨጓራዋ ነው» ብሎ ቀን መቁጠር አይገባም። ከብልቷ መግል ከፈሰሰ ቶሎ ይታወቃል። የማይፈሰው ዓይነት ግን ሆዷን እየነፋ ውስጥ ለውስጥ ይገድላታል። በስዊድን የእንስሳት መድን መዝገብ ላይ የተሠራ ጥናት፣ 10 ዓመት ሳይሞላቸው ከአራት ያልመከኑ ውሾች አንዷ ገደማ በዚህ በሽታ እንደምትያዝ አሳይቷል። መድኃኒቱ ያው ማህፀኑን ማውጣት ነው፤ ልዩነቱ ጤነኛ ሆና ቀጠሮ ይዛ የምትገባበት ኦፕራሲዮን አሁን ደሟ ተመርዞ፣ ኩላሊቷ ተጎድቶ፣ ምናልባትም በእሑድ ሌሊት መሠራቱ ነው።

የጡት ዕጢን በተመለከተ የምትሰሙት ቁጥር ከ1969 የአሜሪካ ጥናት የመጣ ነው፦ የመጀመሪያውን ደም ሳታይ የመከነች ውሻ ካልመከነችው ጋር ስትነጻጸር የመያዝ ዕድሏ 0.5 በመቶ ብቻ፣ አንዴ ካየች በኋላ 8 በመቶ፣ ሁለቴ ካየች በኋላ 26 በመቶ ይሆናል የሚል ነው። ሐኪሞች ይህን እንደ ዳዊት ይደግሙታል። በ2012 እንግሊዝ ውስጥ ተመራማሪዎች ማስረጃውን ሰብስበው ሲመዝኑት ግን ደካማ ሆኖ አግኝተውታል። ጥቅም የለውም ማለት አይደለም፤ ቁጥሩ ብቻውን የስድስት ወር ቡችላ ይዞ የሚያስሮጥ አይደለም ለማለት ነው።

የእኛ ከተማ የራሷ ምክንያት አላት። የመንደር ውሻ በበዛበት ቦታ በመሰራረር የሚተላለፍ የብልት ዕጢ አለ፤ እንደ አበባ ጎመን የተቆራረጠ፣ ቀይ፣ ደም የሚያንጠባጥብ ሥጋ ከብልቷ ብቅ ይላል። ቪንክሪስቲን በሚባል የካንሰር መድኃኒት በየሳምንቱ በደም ሥር እየተወጋች ከ4 እስከ 6 ጊዜ ሊፈጅ ይችላል። የመከነች ውሻ ወንድ ስለማትፈልግ ለዚህ የምትጋለጥበት በር ይጠባል። ደም ስታይ በር ላይ የሚያድሩት አሥር ወንድ ውሾች፣ ጠቡና ንክሻው፣ በንክሻው የሚመጣው የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት፣ ከ63 ቀን በኋላ የሚወለዱት ቡችሎች፣ ከእነሱም ውስጥ ማንም የማይፈልጋቸው ሴቶቹ የሚጣሉበት ቦታ የታወቀ ስለሆነ እዚህ አይዘረዘርም።

አሁን ደግሞ ሌላው ወገን። የአዲስ አበባ ግቢዎች ጀርመን ሼፐርድና ድቅሎቹን ይወዳሉ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ በ2016 የወጣ ጥናት፣ ዓመት ሳይሞላቸው የመከኑ የዚህ ዝርያ ሴቶች የመገጣጠሚያ በሽታ ከ5 በመቶ ወደ 16 በመቶ ገደማ ከፍ እንዳለባቸው፣ 7 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ ሽንት መቆጣጠር እንዳቃታቸው አሳይቷል። የሚታሰበው ምክንያት ይህ ነው፤ የኦቫሪ (የእንቁላል ማመንጫው አካል) ሆርሞን የአጥንት ጫፍ እድገትን የሚዘጋ ነገር ስለሆነ ቶሎ ሲወጣ እግሯ ከታሰበለት በላይ ይረዝማል፣ የጉልበትና የዳሌ ማዕዘን ይዛባል። ስለዚህ 25 እና 30 ኪሎ የምትደርስ ውሻ ቢያንስ ዓመት፣ ሼፐርድ ከሆነች እስከ ሁለት ዓመት ገደማ ብትቆይ ይሻላታል። የመቆያው ዋጋ በዚህ መሐል ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ደም ስታይ ማሰርና መጠበቅ ነው። አጥራችሁ የሚያስገባና የሚያስወጣ ከሆነ ግን ይህ ምክር ለወረቀት ብቻ ነው፤ ዕድሜዋ 10 ወር ሆና ከምታረግዝ ብትመክን ይሻላል። የአገራችን ተራ ውሻ፣ 15 እና 18 ኪሎ የምትመዝነው፣ በ6 ወሯ ብትመክን ለአጥንቷ ብዙም የሚያሰጋ ነገር የለም።

ሽንት ማንጠባጠብ ከ20 ኪሎ በላይ በሆኑ ውሾች ላይ ይብሳል፣ ከዓመታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ተኝታ ስትነሳ ምንጣፉ ይርሳል። መድኃኒት አለው፤ ቢሆንም የዕድሜ ልክ መድኃኒት ነው፣ በየፋርማሲው የሚገኝ አይደለም። ውፍረት ደግሞ እውነት ነው፣ ግን በእጃችሁ ነው።

«ከመከነች አትጠብቅም» የሚለው ወሬ መሠረት የለውም። ግቢ ማስከበርና መጮህ የኦቫሪ ሥራ አይደለም። እንዲያውም አስቀድማ ቁጡ የነበረች ሴት ከመከነች በኋላ የባሰች ልትሆን እንደምትችል የሚያመለክቱ ጥናቶች አሉ። ስለዚህ ለጠባይ ብሎ ማስመከን ገንዘብ ማባከን ነው።

ነገሩ በዓለም ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ማወቅም አይከፋም። በአሜሪካ ከመጠለያ የምትወሰድ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ መክና ነው የምትሰጠው። በእስራኤል ላልመከነች ውሻ የሚከፈለው የዓመት ፈቃድ ክፍያ ከመከነችው በእጅጉ ይበልጣል። በኖርዌይ ደግሞ ሕጉ ያለ በቂ ምክንያት ማምከንን ይገድባል። የኖርዌይ ሕግ ግን የቆመው ውሻ ሁሉ ባለቤት ባለበት፣ በር በሚዘጋበት አገር ነው።

ቀጠሮው መቼ?

ደም እያየች ባለችበት ጊዜ ወደ ማህፀኗ የሚሄዱት የደም ሥሮች ያብጣሉ፣ ሥጋው ለክር ይሳሳል፣ መድማቱም ይበዛል። ደሙ ካቆመ በኋላ ባሉት ሁለት ወራት ቢሠራ ደግሞ ሆርሞኑ በድንገት ስለሚወርድ ያላረገዘች ውሻ ጡቷ ወተት ይሞላል፣ ጫማና ጨርቅ እየሰበሰበች ታሳድጋለች። ትክክለኛው ጊዜ ደሟ ካቆመ ከ2 እስከ 3 ወር በኋላ ነው። የወለደች ከሆነች ቡችሎቹ ጡት ጥለው ወተቷ እስኪደርቅ ይጠበቅ። «መጨረሻ ደም ያየችው መቼ ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ የነገ ቀጠሮ የሚሰጥ ሐኪም የመጀመሪያውን ፈተና ወድቋል።

ክትባቷ አብሮ ይታይ። ክሊኒክ የታመሙ ውሾች የሚመጡበት ቦታ ነው፤ ፓርቮና ዲስቴምፐር የሚባሉትን ተላላፊ በሽታዎች ክትባት ያልጨረሰች ቡችላ እዚያ ወለል ላይ ማሳደር በሽታ ሸምቶ እንደ መመለስ ነው። ክትባቷ ካለቀ ሁለት ሳምንት ቆጥራችሁ ውሰዷት። ለአዲስ አበባ ነዋሪ ሌላም የማይነገር የጊዜ ጉዳይ አለ፤ ሐምሌና ነሐሴ። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ በክረምት ብርድ፣ ማደንዘዣ የወሰደች ውሻ ሰውነቷን ማሞቅ አትችልም። ሲሚንቶ ላይ አድራ የምትነቃ ውሻ ሙቀቷ ከ36 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ጤነኛዋ ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ነው። ሰውነቷ ሲቀዘቅዝ መድኃኒቱን የምታስወግድበት ፍጥነት ይቀንሳል፣ ደሟም ቶሎ አይረጋም።

የሚገዛው ምንድን ነው?

ኦፕራሲዮኑ ራሱ ይህን ይመስላል። ከእምብርቷ በታች መሐል መስመር ላይ ከ4 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ይከፈታል። የማህፀኗ አንደኛው ቀንድ ተጎትቶ ይወጣል፤ ኦቫሪው ከኩላሊት በታች ከውስጥ በጅማት ስለተያዘ ጅማቱ በጣት ይላላል ወይም ይበጠሳል። በደንብ ያልደነዘዘች ውሻ የምታቃስተው እዚህ ላይ ነው። ከኦቫሪው በላይ የደም ሥሩ በመቆንጠጫ ተይዞ በክር ሁለት ጊዜ ይታሰራል፣ ይቆረጣል። ሌላኛውም እንዲሁ። ከታች የማህፀኗ አንገት ይታሰርና ይቆረጣል። ከዚያ የሆዱ ግድግዳ፣ ከቆዳ በታች ያለው ስብና ቆዳው በየንብርብሩ ይሰፋሉ። በለመደ እጅ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል።

የሚበላሸው በሦስት ቦታ ነው። የቀኙ ኦቫሪ ከግራው ወደ ፊትና ወደ ውስጥ የጠለቀ ስለሆነ ያልለመደ ሐኪም በጠባብ ቀዳዳ እየጎተተ ከፊሉን ትቶ ያስራል። ውጤቱ ከወራት በኋላ ወንድ የምትፈልግ «የመከነች» ውሻ ናት። የወፈረች ውሻ የደም ሥሯ በስብ ስለተሸፈነ ክሩ ስቡን እንጂ ሥሩን አይይዝም፤ ሲላላ ደሙ ሆዷ ውስጥ ይፈሳል። ሦስተኛው ክሩ ራሱ ነው። ውስጥ የሚገባው የሚሟሟ፣ ከፋብሪካ በታሸገ ከረጢት የመጣ መሆን አለበት። የማይሟሟ የተጠማዘዘ ክር፣ ለምሳሌ ሐር፣ ውስጥ ከቀረ ባክቴሪያ ይጠለልበትና ከወራት በኋላ በጎኗ በኩል የማይድን ቀዳዳ ከፍቶ ይመግላል። አንቲባዮቲክ ሲሰጣት ይደርቃል፣ ሲያቆም ይከፈታል። መፍትሔው ሌላ ኦፕራሲዮን ነው።

ሐኪሞቻችን የተማሩት በዋናነት ለከብት፣ ለበግና ለፍየል ነው፤ አገሩ የከብት አገር ስለሆነ የሚያስደንቅ አይደለም። ዲግሪው ብቻውን ስለ ውሻ ሆድ ብዙም አይነግራችሁም ማለት ነው። «ዶክተር፣ ባለፈው ወር ስንት ሴት ውሻ አመከኑ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። በየሳምንቱ የሚሠራ ሐኪም ቁጥሩን ሳያስብ ይነግራችኋል።

ከሁሉ በላይ የሚያስከፍለው፣ ርካሹ ዋጋ የሚቀንሰውም፣ ማደንዘዣው ነው። ብዙ ቦታ የሚሠራበት ዛይላዚንና ኬታሚን ነው። መጥፎ መድኃኒት አይደለም፣ ግን ጠባዩን ማወቅ ይገባል። ዛይላዚን ያስታውካል፣ የልብ ምትን ያዘገያል። ኬታሚን ዓይን እንደተከፈተ ያስቀራል፤ ቅባት ካልተደረገላት ዓይኗ ይደርቃል፣ ይቆስላል። አንድ ዙር የሚያደነዝዘው ለግማሽ ሰዓት ያህል ስለሆነ ሥራው ሲረዝም መጨመር የግድ ነው፤ ያለ ልኬት ሲጨመር ደግሞ አደጋው ይመጣል። ልኬት ስንል ሚዛን ማለታችን ነው። «ሃያ አምስት ኪሎ ትሆናለች» ተብላ በዓይን የተገመተች 18 ኪሎ ውሻ ከሚገባት 39 በመቶ የበለጠ መድኃኒት ትወጋለች። ሚዛን የሌለው ክሊኒክ ማደንዘዣ ሊሰጥ አይገባውም። የሰው ሚዛን ይበቃል፤ አንድ ሰው አቅፏት ቆሞ ተመዝኖ የራሱን መቀነስ ነው።

ወደ ውስጥ ስትገቡ እነዚህን በዓይናችሁ ፈልጉ፦ የፊት እግሯ የደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ (ካኑላ)፣ ጉሮሮዋ ውስጥ የሚገባ የአየር ቱቦ፣ የኦክስጅን ሲሊንደር፣ የልብ ምቷን የሚቆጥር ሁለተኛ ሰው። ካኑላ የሌለው ሰው ልቧ ቢቆም መድኃኒት የሚሰጥበት በር የለውም። ቱቦ የሌለው ደግሞ ካስታወከች ወደ ሳንባዋ ሲገባ ቆሞ ያያል። ጋዝ ማደንዘዣ ካላቸው እሰየው፣ ባይኖር ግን በመርፌውም በደንብ ይሠራል፤ እነዚህ አራቱ እስካሉ ድረስ። መብራት ሲጠፋስ? ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ አትፈሩ። ጄኔሬተር ወይም ቢያንስ በግንባር የሚታሰር በቂ መብራት መኖር አለበት።

መሣሪያው በአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ጀርም በሚገድል ማሽን) ተቀቅሎ፣ በጨርቅ ወይም በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ለእናንተ ውሻ የሚፈታ መሆን አለበት። ሳቭሎን ወይም አልኮል ውስጥ የተነከረ መቀስ ንጹሕ ይመስላል እንጂ ከጀርም ነፃ አይደለም። «ግዴለም፣ ጠንካራ አንቲባዮቲክ እወጋታለሁ» የሚለው መልስ ስህተቱን ከማመን አይለይም።

የደም ምርመራ ትርፍ ወጪ የሚመስላቸው አሉ። መዥገር የያዛት ውሻ፣ በተለይ ከአዳማ፣ ከሐዋሳ፣ ከድሬዳዋ ወይም ከሌላ ሞቃት ቦታ የመጣች፣ ኤርሊኪያ የሚባል ተሕዋስ በደሟ ውስጥ ይዛ ምንም ሳትታመም ልትኖር ትችላለች። ተሕዋሱ ደም የሚያረጉትን ሕዋሳት ይጨርሳል። ውጭ ስትታይ ጤነኛ ናት፣ ስትከፈት ደሟ አይረጋም። ቢያንስ የቀይ ደም መጠኗ (ከ37 እስከ 55 በመቶ መሆን ያለበት) እና የፕሌትሌት (የእነዚያ ደም አርጊ ሕዋሳት) ቁጥሯ ይታይ። ላቦራቶሪ የሌለው ክሊኒክ ወደሚሠራበት ቦታ ናሙና መላክ ይችላል።

ሦስቱ ሲመዘኑ

የግቢው አገልግሎት ምቹ ነው። ውሻዋ አትደነግጥም፣ መኪና አያስፈልግም፣ ዋጋውም ዝቅ ይላል። ግን ከላይ ከተዘረዘሩት አብዛኞቹ ቦርሳ ውስጥ አይገቡም፤ ሐኪሙም ሰፍቶ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ፣ ገና ሳትነቃ ይሄዳል። ክትባት፣ ትል ማስወገጃና ስፌት ማስፈታት በዚህ መንገድ በጣም ጥሩ ነው። ለሆድ ኦፕራሲዮን ከ10 ሁለት።

የግል ክሊኒክ ከአራት እስከ ዘጠኝ ይለያያል፣ ልዩነቱም በሕንፃው ውበት አይታወቅም። ነጭ ሴራሚክ የተለጠፈበት ሆኖ ሚዛን የሌለው ይኖራል፤ ጠባብ ሆኖ ሁሉ ነገር ያሟላም ይኖራል። ዋጋ ስትጠይቁ «ስንት ነው?» አትበሉ። የደም ምርመራው፣ ካኑላና ግሉኮሱ፣ የሕመም መድኃኒቱ፣ የአንገት ኮኑ፣ ማሳደሪያውና ስፌት መፍቻው ውስጡ አለ ወይ ብላችሁ አንድ በአንድ አስቆጥሩ። ሁለት ዋጋ የሚነጻጸረው እንዲህ ሲቆጠር ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜም ርካሹ ውድ ሆኖ ይገኛል።

የማስተማሪያ ሆስፒታል ትልቁ ጥቅሙ ብዙ ዓይንና ብዙ እጅ መኖሩ ነው፤ ውሻዋ ብቻዋን አትቀርም። በመምህር ክትትል ተማሪ የሚነካበት ሥራ ስለሆነ ግን ረዘም ሊል ይችላል። የቢሾፍቱው ችግር መንገዱ ነው። ግማሽ የነቃች ውሻ መኪና ውስጥ አንገቷን አጥፋ ከተኛች አየር ያጥራታል። ራሷን ችላ ሳትቆም አትነሱ፤ በጎኗ አስተኝታችሁ፣ አንገቷን አቃንታችሁ፣ አንድ ሰው ከኋላ ወንበር አብሯት ይቀመጥ። ጎንደርና አካባቢው ያላችሁም የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ከተማው ውስጥ ስለሆነ አስቀድማችሁ እዚያ ጠይቁ።

መርፌውስ? «ከምትቀደድ በየስድስት ወሩ መርፌ ትወጋ» የሚል ሐሳብ ከቀረበላችሁ፣ መርፌው ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን፣ ማለትም ሴቶች ለወሊድ መቆጣጠሪያ የሚወስዱት ዲፖ ነው። በውሻ ላይ የሚያደርገው ያንኑ ማህፀን የሚያወፍር ሆርሞን መጨመር ስለሆነ የማህፀን መግል፣ የጡት ዕጢና የስኳር በሽታ ያመጣል። ልናስወግደው የምንሮጠውን በሽታ በመርፌ መግዛት ነው። ዜሮ።

ቤት ስትመለስ

ከኦፕራሲዮኑ በፊት ባሉት ከ8 እስከ 12 ሰዓታት አዋቂ ውሻ ምግብ አትበላም፤ ውሃ እስከ ጠዋት ይፈቀድላታል። ትናንሽ ቡችሎች ስኳራቸው ቶሎ ስለሚወርድ 4 ሰዓት ይበቃቸዋል። ዘበኛውና የቤት ሠራተኛዋ ይህን ማወቅ አለባቸው፤ «ራባት» ተብሎ በንጋት የተጣለላት እንጀራ ሳንባዋ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

የመጀመሪያውን ሌሊት ቤት ውስጥ፣ ካርቶንና ብርድ ልብስ ላይ ትደር። ሙቅ ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልላችሁ ጎኗ ላይ አድርጉ፤ ፎጣ ከሌለው ያቃጥላታል፣ ደንዝዛ ስለሆነችም አትሸሽም። ድዷን እዩ። ሮዝ ከሆነና በጣት ተጭኖ ሲለቀቅ በ2 ሰከንድ ውስጥ ከተመለሰ ደህና ናት። ድዷ እንደ ወረቀት ከነጣ፣ ሆዷ ከተነፋ፣ ጆሮና እግሯ ከቀዘቀዘ ውስጥ ለውስጥ እየደማች ነው፤ እስከ ጠዋት አይጠበቅም። የሐኪሙን የሌሊት ስልክ አስቀድማችሁ ያዙ፤ መክፈል ያለባችሁ ስልኩ እንደሚነሳ ካረጋገጣችሁ በኋላ ነው።

ለሕመም ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ሜሎክሲካም ነው፦ በመጀመሪያው ቀን በኪሎ 0.2 ሚሊግራም፣ ከዚያ በቀን በኪሎ 0.1። የሰው እንክብል ብዙ ጊዜ 7.5 ሚሊግራም ነው፤ የ20 ኪሎ ውሻ የቀን መጠን ደግሞ 2 ሚሊግራም። ሙሉ እንክብል መስጠት አራት እጥፍ ለመሆን ትንሽ የቀረው መጠን ነው፣ ጨጓራዋን ያደማል፣ ኩላሊቷን ይጎዳል። መጠኑንም የቀኑንም ቁጥር ሐኪሙ ይጻፍላችሁ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በፍጹም አይሰጧትም። ምንም የሕመም መድኃኒት ሳይሰጣት «ውሻ ቻይ ነው» ተብላ የምትላክ ከሆነ ክሊኒኩ ከየትኛውም ነጥብ ሦስት ይቀነስበት።

ምግብ ማታውኑ ግማሽ፣ በማግስቱ ሙሉ። ከወጥ የተረፈው አይሰጣት፤ ሽንኩርቱ ቀይ የደም ሕዋሷን ይሰብራል፣ ደም ባጣች ማግስት ደግሞ ይብሳል። አጥንት ለሁለት ሳምንት ይቅር፤ የሚያደርቃት ውሻ ስታምጥ ስፌቷን ትወጥራለች። በጾመኛ ቤት ሌላ ነገር አለ። በሁዳዴ ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ የውሻዋ ምግብ ደረቅ እንጀራ ብቻ ይሆናል፤ ቁስል የሚድነው በፕሮቲን ስለሆነ ቀጠሮው በዚያ ወቅት ከዋለ ለእሷ ብቻ እንቁላል ወይም ሳንባ ቀቅላችሁ አስቀምጡ።

ከ10 እስከ 14 ቀን መሮጥ፣ መዝለልና መታጠብ የለም። ቁስሏን ከላሰች በአንድ ሌሊት ስፌቱን ትፈታዋለች፤ ኮን ከሌለ የሕፃን ቲሸርት ከኋላ እግሯ አስገብታችሁ ወገቧ ላይ ቋጥሩላት። አጭር ሰንሰለት ላይ አትታሰር፤ ሰው ባለፈ ቁጥር የምትወረወር ውሻ ሆዷን ትቀድዳለች። ጠባብ ክፍል ይሻላታል። ስፌቱ ላይ እንደ ጣት ጫፍ ያለ ጠጣር እብጠት ብዙ ጊዜ የክሩ ነው፣ ይጠፋል። ለስላሳ ሆኖ ሲጫኑት ወደ ውስጥ የሚገባ እብጠት ግን የሆድ ግድግዳ መከፈቱን ይጠቁማል። በዚያው ዕለት መታየት አለባት። ስፌቱ ሲፈታ ምግቧን በሩብ ቀንሱ፤ የሰውነቷ ፍላጎት ስለሚቀንስ በድሮው ልክ ከቀጠለች በዓመቱ ትወፍራለች። ጎኗን ስትዳስሱ የጎድን አጥንቶቿ በቀላሉ ሊቆጠሩ ይገባል።

ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት የወጣውን ነገር አሳዩን በሉ። ሳህኑ ላይ የሚታየው እንደ ላቲኑ ፊደል ዋይ ቅርንጫፍ ያለው ቱቦ ነው፤ በሁለቱም ጫፍ፣ በስብ ከረጢት ተሸፍኖ፣ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ኦቫሪ ሊኖር ይገባል። ከረጢቱ ተከፍቶ ፍሬው ሙሉ መሆኑ ይታይ። ሁለት ቁጠሩ። አንዳንድ ሐኪሞች ማህፀኑን ትተው ኦቫሪዎቹን ብቻ ያወጣሉ፤ ለወጣት ጤነኛ ውሻ ያም ትክክል ነው፣ ቁጥሩ ግን አሁንም ሁለት ነው። ቀኑ፣ ክብደቷ፣ የተሰጣት መድኃኒትና የወጣው አካል ተጽፎ፣ ማህተም ተመትቶበት ይሰጣችሁ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሌላ ሐኪም ፊት ሆዷን ይዛ ስትቀርብ፣ ያንን ወረቀት የሌላት ውሻ ማህፀኗ ውስጥ መግል እንዳለ ለማወቅ እንደገና ልትከፈት ትችላለች።